ፈንታው የመረጠው ቸርኬ

ኢዘዲን ከስደት ከተመለሰ ወዲህ ደግ ሆኗል እየተባለ በወልድያ ገበያ ይወራለታል። ድሮ ለጎማ ነፋስ እንኳ ሳያስከፍል ሰው የማይሸኝ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ ብሎ እንደ ሹም የሚኮራ ሰው ነበር። አሁን ግን ፈንታው በሱቁ በር ብቅ ባለ ቁጥር የያዘውን ሥራ ጥሎ ይነሳል፤ ሻይ ያዝለታል፤ ለእናቱ ጀሪካን ሳይቀር ክዳን ያፈላልግለታል። ሰዉ «ጦርነቱ አለሰለሰው» ይላል። ጦርነት ሰው ሲያለሰልስ የት አይተው እንደሆነ እንጃ። ኢዘዲንን ያለሰለሰው ሌላ ነገር ነው። እሱም ከሱቁ ጣሪያ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ማገርና ቆርቆሮ መሃል ተሸጉጧል።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮርስ ብስክሌት የኋላ ቸርኬ ነው። የፈንታው ነው።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፈንታው ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። የኋላ እግር የለውም፤ የፊቱ ብቻ በአየር ላይ ይሽከረከራል። ሁለቱ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው። በጉርምስናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የድልብን አቀበት በኮርስ ይሽቀዳደሙት ነበር፤ የሚቀድመውም ብዙ ጊዜ ፈንታው ነበር። ዛሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል።

«የኋላ ቸርኬ ምረጥልኝ» አለ ብስክሌቱን እያስደገፈ። «ነዳጅ ጠፍቶ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ብርቅ ሆነ። እማዬ እዚያ አቀበት ላይ ብቻዋን ናት። አቀበቱን የሚያወጣኝ፣ ኪሴን የማይጎዳ፣ የማይሰበር። በተለይ የማይሰበር።»

ኢዘዲን ከግድግዳው ሁለት አወረደ። አንደኛው ቀጭንና የሚያብረቀርቅ፣ ሽቦው ሳሳ ሳሳ ያለ ነው። ሌላው ወፍራም፣ በሁለት እጅ ካልተያዘ የማይነሳ።

«ለአቀበት ቀላል ቸርኬ ነፍስ ነው» አለ ቀጭኑን እያሳየ። «ስትረግጠው ወዲያው ይታዘዝልሃል። ግን መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ያ ሁሉ ከባድ መኪና ፈልጦታል። አንድ ጉድጓድ ከገባህ ተጣመመ በለው። ዋጋውም አይቀመስ። ይኸኛው ደግሞ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም። ግን አጋማሽ ሳትደርስ ጉልበትህን ጨርሶ ይጥልሃል።»

«መሃከለኛ የለህም? ቀለል ያለ፣ ሽቦው የበዛ?»

የኢዘዲን ዓይን ሳያስበው ወደ ጣሪያው ሄደ። ቶሎ መለሰው።

«የለኝም» አለ። ቸርኬውን እንደገና ሰረቀው ማለት ነው፤ ያውም ባለቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ።

«አንተ ራስህ ለምን አትመርጥም? ጆሮ ያለህ ሰው» አለ ወሬ ለማስቀየር። እውነት ነው፤ ፈንታው ቸርኬ ሲገዛ ማብረቅረቁን አያይም ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ይመታና ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ ከዚያ ያሽከረክርና አውራ ጣቱን ጠርዙ አጠገብ ይደቅናል። ድምፁ ካልተስማማው፣ ጣቱንም ከነካው፣ በነፃ ቢሰጡት አይወስድም።

«ያ ጆሮ አባቴን ገደለ» አለ ፈንታው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ከተማው እየሸሸ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ይጎርፋል፤ የተኩሱ ድምፅ ቀርቧል። የፈንታው ብስክሌት ኩሽኔታው ግራሶ እንዲቀባ ኢዘዲን ሱቅ ውስጥ ነበር። የኢዘዲንም ኮርስ እዚያው ቆሟል፤ ግን የኋላ ቸርኬው ከመጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ አለው፣ ይህንንም ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ዙልፋ የመውለጃ ቀኗ ገብቷል። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም። ኢዘዲን መፍቻውን አነሳና የሁለቱን ብስክሌት የኋላ ቸርኬ አቀያየረ። ፈንታው ቀጭን ነው፣ ብቻውን ነው የሚነዳ፣ መርሳ ድረስ ያደርሰዋል ብሎ ለራሱ ነገረው። ሰው ለራሱ ሲዋሽ አዳማጭ አያጣም። የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤት ትቶ፣ ዙልፋን ከኋላ ጭኖ ወጣ። ቸርኬው ሳያቃስት ኮምቦልቻ አደረሳቸው። ልጃቸው ናጅዋ እዚያ ተወለደች።

ፈንታው በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቁልፉን ተቀብሎ ብስክሌቱን አወጣ። ግን ብቻውን አልነበረም። ልብ ድካም ያለባቸውን አባቱን፣ አያ ይርጋን፣ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጦ እየገፋ፣ ቁልቁለት ሲያገኝም እየነዳ ጉዞ ጀመረ። ሲሪንቃ ሲደርሱ ቸርኬው ታጠፈ። ብስክሌቱን እዚያው ለሰው አደራ ትቶ፣ የቀረውን መንገድ ዝናብ እየወረደባቸው በእግር ሄዱት፤ ሲብስም በጀርባው አዘላቸው። መርሳ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከተፈናቃዩ መሃል፣ ትንፋሽ እንዳጠራቸው አረፉ። እዚያው ተቀበሩ።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ሰው ሲመለስ ቤተሰቡ እንደገና ለቅሶ ተቀመጠ። ፈንታው ለመጣ ለሄደው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይናገር ነበር፤ «አዲስ መግዛት ስችል ሳስቼ አሮጌ መረጥኩ። እኔ ነኝ።» እናቱ እትዬ አለሚቱም ሰው እየሰማ «ያንን ብስክሌት ከዓይኔ አርቅልኝ» አሉት። ኢዘዲን ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ንፍሮውን እየቆረጠመ «የአላህ ውሳኔ ነው ወንድሜ» አለ። የራሱን ጥፋት ለአላህ አሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ሌሊት ቸርኬውን ፈትቶ ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ ኮርሱን አልነዳውም።

ዙልፋ ስለ መቀያየሩ ታውቃለች። «የሰው ሐቅ ነው ኢዘዲን። በሶላት አይለቅህም፤ አፉ ብሎ ይቅር የሚልህ ፈንታው ብቻ ነው» ትለዋለች። እሱ ግን ሐቁን በሻይ ለመክፈል ወር በወር ላይ ጨመረ።

«ከባዱን ስጠኝ» አለ ፈንታው አሁን። «ጉልበቴ ይለቅ። ይገባኛል።»

ይሄኔ ዙልፋ ናጅዋን አዝላ ምሳ ይዛ ገባች። ፈንታው ሕፃኗን እንደ ልማዱ ተቀበላትና ዱቄታም ጣቱን ሰጣት። ልጅቱ ጨብጣ ሳቀች።

«አባቴ ቢኖር እንዴት ይወዳት ነበር» አለ። «እኔ ጥሩ ቸርኬ መርጬ ቢሆን።»

ኢዘዲን ተጨማሪ ቃል መስማት አልቻለም። በርጩማውን ጎትቶ ላዩ ላይ ወጣና ከረጢቱን ከጣሪያው ሥር አወረደ። አቧራው ፊቱ ላይ ተበተነ። ቸርኬውን አውጥቶ ከፈንታው እግር ሥር አስደገፈው።

ፈንታው መጀመሪያ አልገባውም። «አለህ ለካ፣ ምነው የለም አልከኝ?» ብሎ ሕፃኗን በአንድ እጁ እንደያዘ ጎንበስ አለና ሽቦዎቹን በጥፍሩ መታ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። እንደገና መታ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ቀጣዩን። አሽከረከረና አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ ደቀነ። ሳይነካው ዞረ።

«የኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው።»

«ታዲያ እኔ የነዳሁት?»

«የኔ ነበር። ስንጥቅ ነበረው። አውቅ ነበር። ዙልፋ ቀኗ ገብቶ ነበር። ተኩሱ… ብቻህን የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ወላሂ አያ ይርጋን አላሰብኳቸውም።»

ፈንታው ጣቱን ያልለቀቀችውን ሕፃን አያት። ራሱን ነቀነቀ። ለጓደኛው ማመካኛ የሚፈልግለት ይመስል ነበር፤ ሊያገኝለትም ምንም አልቀረው።

«በጥድፊያ ነው» አለ። «በዚያ ጥድፊያ ማንስ ቢሆን…» አቆመ። «ቆይ። ጎማው ግን የኔ ነበር። ጎኑ ላይ ቀይ መስመር ያለው። ሲሪንቃ ላይ ሲታጠፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያ ጎማ ካንተ ቸርኬ ላይ ምን ይሠራል?»

ዙልፋ ወደ ባሏ ዞረች። ይህን አታውቅም ነበር። ኢዘዲን አላስታውስም ቢል ይታመን ነበር፤ የዚያን ቀን ማን ምን ያስታውሳል?

«ጎማህን ፈትቼ በኔ ቸርኬ ላይ ገጠምኩት» አለ በመጨረሻ። «እንዳታውቅ።»

«ለዚያ ጊዜ ነበረህ?» አለች ዙልፋ።

«ነበረኝ።»

ፈንታው ሕፃኗን ለእናቷ ሰጠ። ጣቱን ከትንሿ እጅ ቀስ ብሎ አላቀቀ። ከዚያ ቸርኬው ፊት ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ያዘው።

«ልክ መርጬ ነበር» አለ። «ልክ ነበርኩ።» ደጋገመው። ዱቄቱ ላይ እንባው መንገድ አወጣ።

«አፉ በለኝ ፈንታው።»

«እኔን ተወኝ። እማዬ በልቧ እኔን ነው የምትከስ። ብስክሌቱን እንዳታይ ጎረቤት ደብቄ በእግሬ ልገባላት ነበር ያሰብኩት። አሁን ደጃፏ ድረስ እነዳዋለሁ። መጥተህ አንተ ንገራት። የጎማውንም ሳትተው።»

ኢዘዲን መፍቻውን ዘረጋለት። ፈንታው አላየውም፤ ከጠረጴዛው ላይ ሌላ አነሳና ቸርኬውን ራሱ ገጠመ፣ ኢዘዲን ከግድግዳው ጎማ አውርዶ ሲሰጠው ግን ተቀበለው። የሻዩ ብርጭቆ ሳይነካ ቀረ። ወጥቶ ሄደ።

ኢዘዲን የራሱን ኮርስ አየው። የኋላ እግር የለውም። ዙልፋ ምሳውን መልሳ ቋጠረችና ለመንገድ ሰጠችው። ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ወጣ።

ከከተማው ዳር አቀበቱ ሲጀምር ቀና አለ። ፈንታው ከላይኛው ጥምዝ ላይ ፔዳሉን ቆሞ እየረገጠ ይወጣል፤ ዞሮ አላየም። ኢዘዲን ለእትዬ አለሚቱ ከምን እንደሚጀምር እያሰበ ተከተለው። ከተኩሱ ቢጀምር፣ ከዙልፋ ቢጀምር፣ ያዝኑለት ይሆናል። ብዙ ከወጣ በኋላ ከጎማው እንደሚጀምር ወሰነ።