የወንድም ጋሼ ስጦታ

ልብስ ሰፊዋ አሮጌ ስልኳን በላስቲክ ጠፍራ ነበር የምትይዘው፤ ካልታሰረ ባትሪው ይወድቃል። ታላቅ ወንድሟ አዲስ ስልክ አምጥቶ ሲም ካርዷን በገዛ እጁ ቀየረላት።

«ያንን ጉድ ጣይው፤ አሳፈርሽን እኮ!»

ቁራጭ ክር እንኳ ሰጥቷት የማያውቅ ሰው ስልክ ሲቸራት ሆዷ ጠርጥሮ ነበር። ግን ስክሪኑ አማለላትና ይዛው ሰነበተች።

ዛሬ ሱቋ ገብቶ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደገፈ።

«ትናንት ከሥራ ስትወጪ ያ ወንዝ ዳር ያለ ካፌ ምን ጎለተሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?»

እዚያ የሚያውቃት ሰው የለም።

«ማን ነገረህ፣ ወንድም ጋሼ?»

ዓይኑ ወደ አዲሱ ስልክ ሸሸ። ያኔ ገባት። የምትሄድበትን ሁሉ ከራሱ ስልክ ላይ እንዲያይ አድርጎ ነው ያመጣላት።

«ለደህንነትሽ ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ለደህንነቴ በሬን እዘጋለሁ።»

ሲም ካርዷን በመርፌ ጫፍ አወጣች፤ አሮጌው ውስጥ ከትታ ባትሪውን በላስቲኩ ጠፈረችው። አዲሱን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«ይህን ቃጭል ለላምህ እሰርላት።»

«ትቆጪያለሽ!»

«ስቆጭ እደውልልሃለሁ። በአሮጌው።»