ግድቡ በየት በኩል ይለፍ

ዘንድሮ የመንደሩ ሊቀመንበርነት ከቆዳ ፋቂዎቹ ወገን ለሆነች ሴት ነው የሚል ትእዛዝ ከወረዳ ሲመጣ ባለርስቱ ባባን ሲንግ አልደነገጠም። ምን ያስደነግጠዋል! አያቱም አባቱም ያዘዙበት መንደር ነው። በረቱን የምትጠርግለትን ሱርሳቲን አስመረጠና ወንበሩ ላይ ጎለታት።

"አንቺ ራስሽን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ አፉ የኔ ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ ጌታዬ።"

ጅል! ልጇን ጉንጃን የረሳች መስሎታል። ጋግራ ወንዝ ሞልቶ የቆዳ ፋቂዎቹን ሰፈር ባጥለቀለቀበት ክረምት፣ ሱርሳቲ ልጇን አዝላ፣ ውሃው እስከ ደረቷ ደርሶ፣ የዚህን ሰው በር ደብድባ ነበር። እሱ ከሰገነቱ ላይ ቁልቁል አያትና "እናንተ ከገባችሁ ቤቴ ይረክሳል" ብሎ ሳያስከፍት ቀረ። ጉንጃ ከጀርባዋ ሸርተት አለች፤ ውሃው ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ሱርሳቲ በረት በጠረገች ቁጥር ቀን ይስጠኝ እንጂ፣ ቀን ይስጠኝ እንጂ ትል ነበር።

ቀኑም መጣ። የወረዳው አስተዳዳሪ መሐንዲስ አስከትሎ ሸንጎው ፊት ቆመ። ወንዙ መሄጃውን እየቀየረ ወደ መንደሩ ስለተጠጋ የአፈር ግድብ ይሠራል፤ ግን አንድ ብቻ። በላይ በኩል ካለፈ የባባን ሲንግን ቤትና የማንጎ ተክል አድኖ የቆዳ ፋቂዎቹን ሰፈር ለውሃ ይተዋል። በታች ካለፈ ሰፈሩ ይድናል፣ የሱ ቤት ከግድቡ ውጭ ይቀራል።

"በላይ ነዋ! ምን ያጠያይቃል?" አለ ባባን ሲንግ ጢሙን እየጠመዘዘ።

"የጠየቅሁት ሊቀመንበሯን ነው" አለ አስተዳዳሪው።

ሱርሳቲ ፊቷን የሸፈነችበትን ሻሽ ገለጠች። "በታች ይለፍ።"

"አበደች! አንቺ የበረት ጠራጊ፣ እኔ አይደለሁም እንዴ እዚህ ያስቀመጥኩሽ?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ። ውለታዎን መቼም አልረሳው።"

ከኋላ የሰፈሯ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። አስተዳዳሪው "በታች" ብሎ ለመሐንዲሱ ሲያዝ የባባን ሲንግ ፊት አመድ መሰለ። መዳፎቹን አጋጥሞ ፊቷ ጎንበስ አለ፤ በዕድሜው ለሷ ወገን ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

"ሱርሳቲ፣ የልጅ ልጆች አሉብኝ እኮ! ውሃው ሲመጣ የት ላድርጋቸው?"

"እኔ አንዲቷን የማደርግበት አጣሁ" አለችና፣ የመጀመሪያው ችካል የሚመታበትን ቦታ ለመሐንዲሱ ልታሳየው ፊት ፊት ሄደች።