ሩብ ሩብ ዙር

የሂሳብ መምህሩ ብስክሌት ከተራራ ብስክሌትም ከውድድር ብስክሌትም ዘር አለበት። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ እሱም ለጠየቀው ሁሉ የሚያወራው የውድድሩን ወገን ብቻ ነበር።

በእሁዱ ማጣሪያ ኮንቴይነር ጫኝ መኪኖች የሚመላለሱበትን ስምንት ኪሎ ሜትር መንገድ ከሃያ ደቂቃ በታች ካልገባ ከመምህራን የብስክሌት ቡድን እንደሚሰረዝ የስፖርት መምህሩ ነግሮታል፤ ያውም መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ አንተን ከመጠበቅ ጡረታን መጠበቅ ይሻላል ብሎ። የሂሳብ መምህሩ የሚገባው በሃያ ሦስት ነበር።

ለሦስት ደቂቃ ሲል ያላደረገው የለም። ወፍራሙን ጎማ በቀጭን ቀየረ፤ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ነፋስ አስሞላው። የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን፣ የዕቃ መጫኛውን፣ መቆሚያውን ፈታ፤ ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱ እንደ ሰካራም ግድግዳ ካልተደገፈ አይቆምም። መሪውን ዝቅ አደረገ። ካቴናውን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ ብሩሹ የሚስቱ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። የነፋስን ግፊት ደብተር ላይ አስልቶ የቅልጥሙን ጸጉር ላጨ። ሰዓቱ ግን ሃያ ሦስት ላይ ችክ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻ ተስፋውን፣ አዲስ ማርሽ፣ ይዞ ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙ ካርቶኑን እንኳን አልከፈተም። የኋላውን ጎማ በአንድ እጁ አንስቶ በሌላው አሽከረከረው። ጎማው አንዴ ዞረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ።

“መምህር፣ ፍሬን ይዘህ ነው እንዴ የምትነዳው?”

መምህሩ ክው አለ። ደብተር ሙሉ ሲያሰላ ጎማውን አንስቶ ማዞር አልመጣለትም ነበር። የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። ጠጋኙ ይህንኑ ፍሬን በዚሁ ወር ሁለቴ አላልቶታል፤ ዝም ያለውም መምህሩ ራሱ የሚያጠብቀው መስሎት ነው። ብሎን በራሱ ይላላል እንጂ በራሱ አይጠብቅም፣ ቤትህ ውስጥ እጅ አለ፣ አለው።

የላላውን ፍሬን ይዞ ቤቱ ገባ፣ ብስክሌቱን በረንዳው ላይ አስደግፎ ምርመራውን ከሚስቱ ጀመረ። እሷ የጥርስ ብሩሹን አንስታ አፉን አስያዘችው። ተሸንፎ ወደ በረንዳው ሲወጣ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ከብስክሌቱ አጠገብ ጎንበስ ብለዋል። አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ጣቶቻቸው የፍሬኑን ሽቦ ማጥበቂያ በስሱ ያዞራሉ።

መምህሩ ደርቆ ቀረ። አማቱ ግን ስራቸውን ጨርሰው ነው ቀና ያሉት።

“አንቱ ባፈጠኑት ቁጥር ሩብ ሩብ ዙር እጨምር ነበር” አሉ። “ጎማውን ሲያቀጥኑ ሩብ፣ መሪውን ሲያወርዱ ሩብ። እግርዎን የተላጩ ዕለት ግን ግማሽ አዞርኩ፤ ያን ቀን እውነትም ፈራሁ።”

“እማማ፣ ከቡድኑ ሊያስወጡኝ እኮ ነው።”

“ከቡድን የወጣ ቤቱ ይገባል። ከኮንቴይነር መኪና ስር የወጣስ የት ይገባል? ልጄ ያላት አንድ ባል ነው፤ መለዋወጫ የለውም።”

መምህሩ በተራው ጎንበስ አለ። ፍሬኑን እንደገና አላላና ብስክሌቱን መኝታ ቤት አስገብቶ ቆለፈበት። ሚስቱ እሷስ በረንዳ ላይ ትተኛ እንደሆነ ጠየቀች።

እሁድ ጠዋት ብስክሌቱ ከስሩ ሊያመልጠው ደረሰ። በዕድሜው እንዲህ ሄዶ አያውቅም። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓቱን ሲያይ ስምንት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፤ ከቁልቁለቱም ጋር ኮንቴይነር ጫኝ መኪኖቹ። ድሮ እነሱ ነበሩ ጥለውት የሚያልፉት፤ ዛሬ ጎን ለጎን ሆኑ። የአንዱ ጎማ ከትከሻው እኩል ተሽከረከረ። ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ማን ነገረው? ጣቶቹ ሳያዛቸው ፍሬኑን ጨበጡ። ልቀቁ ቢላቸው አልሰሙትም፤ ቁልቁለቱን ሙሉ፣ ከዚያም ሜዳውን፣ እንደ ጨበጡ ደረሱ።

የስፖርት መምህሩ ሰዓቱን ሁለቴ አየ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ።

“ግማሽ መንገድ ላይ የቆሙት ታዛቢዎች እንደ ጥይት እየመጣ ነው ብለው ደውለውልኝ ነበር” አለ። “ማን ያዘህ?”

“አማቴ” አለ መምህሩ፣ እጁን ከፍሬኑ ሳያላቅቅ።

የስፖርት መምህሩ አንገቱን አስግጎ መንገዱን ወደ ኋላ አየ። ማንም አልነበረም። እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሙን ሰረዘው።