አሥራ አራተኛው ቁራጭ

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደው የሐረር የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ጠዋት ጠዋት በስፌት መኪና ድምፅ ይሞላል። ሐረሮች በአክብሮት አው ዓሊዪ የሚሏቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋ የሄድኩት ሃያ ስምንት ባለ ሦስት ማዕዘን የጨርቅ ቁራጮችና አንድ ወረቀት ይዤ ነው። ወረቀቱ የባለቤቴ የሽፈራው ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። የመጨረሻ ጽሑፉን ኮሌጁ በመታሰቢያ መጽሔት ሊያትመው ስለሆነ ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ቅርጽም ተማሪዎች በእጃቸው እንዲይዙት በጨርቅ ላሰፋው አሰብኩ።

የጽሑፉ ጥያቄ ከባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች የተገጣጠመን ቅርጽ አንድ በአንድ እየጨመሩ መገንባት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ሕጉ አንድ ነው። አዲሱ ቁራጭ ከፊተኞቹ ጋር በሙሉ ጎን መገናኘት አለበት፤ የትም ቦታ በጫፉ ብቻ መንካት የለበትም። ሽፈራው ተራውን ከአንድ እስከ ሃያ ስምንት ቁጥር ሰጥቶ ጽፎታል።

«እንደ ሸሚዝ ነዋ» አሉ አው ዓሊዪ። «ትከሻው ሳይያያዝ እጅጌ አይገባም።»

እስከ አሥራ ሦስት ድረስ የስፌት መኪናው ሳይቆም ሄደ። ከዚያ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ።

«አቦ ሰገነት፣ ይሄ አሥራ አራተኛው እምቢ አለ።»

«ጎኑ አይገጥምም?»

«አንዱ ጎኑ ይገጥማል። ጫፉን ግን እዪው፤ ማዶ ያለውን ጨርቅ በነጥብ ይነካል። መሃል ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ባልሽ ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሐረርን ራቁቷን ያስቀራት ነበር።»

እኔም የተማርኩት ሒሳብ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ተራ ሦስት ጊዜ ተከተልኩ። አው ዓሊዪ ልክ ነበሩ። ሽፈራው የሚገጥመውን ጎን አይቶ ጫፉን ዘንግቷል። ያን ሰሞን መጻፍ ያደክመው ነበር። እኔም ወረቀቱን ባወጣሁ ቁጥር የእጅ ጽሑፉን እንጂ ሒሳቡን አላየሁም።

አው ዓሊዪ አሥራ ሰባተኛውን ቁራጭ አንስተው ቀዳዳው ላይ አደረጉት። ሁለት ጎኑ ልክ ገጠመ። እሱ ከቀደመ አሥራ አራተኛውም በሁለት ጎኑ ይገባል። የቀሩትን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሌላ የሚበላሽ የለም።

«እንዴት ልስፋው? እሱ እንደጻፈው ወይስ እንደሚገጥመው?»

ወረቀቱን አየሁት። ስለ ስሕተቱ ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ያን መጽሔት የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። በእሱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ እጄን አሳርፌ አላውቅም።

«የሽፈራውን ሱሪ አሥራ አንድ ዓመት ሰፍቻለሁ» አሉ ክር እየቀየሩ። «ግራ እግሩ በአንድ ጣት ያጥር ነበር። በዚያ በኩል አሳጥሬ ነበር የምሰፋለት። ነግሬው አላውቅም።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ወላሂ እንጃ። ሌላ ሰፊ ጋ ግን አልሄደም።»

ሱሪዎቹን ሳጣጥፍ እግሮቹ እኩል አይሆኑልኝም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

«እንደሚገጥመው ይስፉት» አልኳቸው።

መኪናው እንደገና ተነሳ። መጀመሪያ የእሳቸውን እርሳስ አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩትና ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። ከአሥራ አራት በፊት አሥራ ሰባትን ጻፍኩ። ኅዳጉ ላይ፣ ተራውን ያረሙት ዓሊዪና ሰገነት ናቸው ብዬ ጨመርኩና አነበብኩላቸው።

«የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይልቅ አሥራ አምስተኛውን አቀብዪኝ።»