ቀለበቷ ማን ጋ ናት

አባቴ ሐምዱ ቀለበቷን ለእኔ ሰጥቶኝ አያውቅም። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ! ሁልጊዜ ለታናሼ ለሀጀራ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ልጆች መዳፋችንን ገጥመን እንደረደራለን። አባባ የእማን የብር ቀለበት ደብቆ እጁን በየእጃችን መሀል ያሳልፍና አንዳችን ጋ ይጥላታል። ሁላችንም የያዝን እንመስላለን። እማ ፊታችንን አይታ ማን ጋ እንዳለች ትናገራለች። ከሳተች እንደ እንቆቅልሽ አገር ትሰጣለች።

እማ ግን አትስትም። «የቀድሪያን ዓይን ማየት ነው፤ ቀለበት የያዘውን በዓይኗ ትውጠዋለች» ትላለች ስለ እኔ። ምን ላድርግ? ከአባባ እጅ ዓይኔን አልነቅልም። ሀጀራ ከአባባ ጎን ተለጥፋ፣ ምንም እንደማታውቅ ጭምት ስትል አንጀቴ እርር ይላል። እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ ወይ?

ጣልያን ከተማችን ይጁቤ በገባ በዓመቱ፣ ዝናብ ሲወርድ በዋለበት ቀን አባባ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። ለአርበኞች የሚልካት አንዲት ቋጠሮ ጥይት ቤት ውስጥ ነበረች፤ ባንዶች ደግሞ ሰፈሩን እየፈተሹ ነው። «እኔ ልያዛት» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄዶ ቋጠሮዋን ከሀጀራ ቀሚስ ስር ወገቧ ላይ አሰረ።

«ያንቺ ፊት ያስገድለናል» አለኝ። ጥይቱም ለእሷ ሆነ!

ቶሎ ብለን ተደርድረን ጨዋታ ጀመርን። የገባው ባንዳ የአገራችን ሰው ነበር፤ ሲያየን ፈገግ አለ።

«እኛም ቤት ይህንኑ ነበር የምንጫወት» አለ። «የተደበቀ ዕቃ የት እንዳለ ከልጅ ዓይን ይገኛል።»

አጎንብሶ በየተራ አየን፤ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኔ ወደ ሀጀራ ሊሄድ ሲል በግድ መለስኩት። ጥግ ያለውን፣ አባባ ለሱቁ ያስቀመጠውን የጨው ክምር አባባን የቀማኝ እሱ ይመስል ትክ ብዬ አየሁት። ባንዳው ዘሎ ክምሩን በሰደፍ ናደው። ከጨው በቀር ምንም አላገኘም፤ ተሳድቦ ወጣ።

አባባ ሀጀራን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። «የኔ ጀግና፣ ንቅንቅ አላለችም እኮ!» አለ። እኔ የተበተነውን ጨው እለቅም ነበር።

«አንተ ሰው፣» አለችው እማ፣ «ባንዳውን ወደ ጨው የመራው የማን ዓይን መሰለህ?»

አባባ ዞር ብሎ አየኝ። በማግስቱ ስንጫወት ቀለበቷን እኔ መዳፍ ላይ ጣላት። የእጁ ሙቀት አልለቀቃትም ነበር። ደስ ብሎኝ ቀና ስል በሌላ እጁ የሀጀራን ፀጉር ይደባብሳል።

እማ ዓይኔን አየች። «ሀጀራ ጋ ናት» አለች።

መዳፌን ከፈትኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እማ ተሸንፋ አታውቅማ። «አገር ስጪኝ» አልኳት።

«ደብረ ማርቆስን ሰጠሁሽ።»

«አልፈልጋትም።»

«መርጡለ ማርያምን እንኪ።»

«እሷንም አልፈልግም» አልኩ። «ሀጀራ የተቀመጠችበትን ስጪኝ።»

አባባ መሳቁን ተወ። እጁ ግን ሀጀራ ራስ ላይ እንዳለ ነበር።