የነካ ይፈግፍግ

«አልነካሁትም አልኩህ። ዳሰስኩት እንጂ።»

«አባዬ፣ መንካትና መዳሰስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«መንካት በጣት ነው። መዳሰስ በፍቅር።»

«እንግዲያው ፍቅርህ ያልደረቀው የመኪናዋ በር ላይ አራት ጣት ጥሎ ሄዷል። ና እየው።»

አባትየው መጥተው አላዩም። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ተሳፋሪ ሲያስጠብቁ ኖረው፣ የመጠበቅ ተራው ለሳቸው ሲደርስ አልሆንላቸው አለ። አሮጌ መኪናቸው መስኮቷም መብራቷም ጋዜጣ ተለጥፎበት፣ ጥርሷን እንደታመመች ሴት ተጠቅልላ ግቢው መሀል ቆማለች። እሳቸውም ዳቦ ቤት በእግራቸው መሄድ ከጀመሩ ሰንብተዋል። በሄዱ ቁጥር ሲመለሱ ጉልበታቸውን ይዘው ነው፤ በተለይ ልጃቸው የሚያያቸው ከሆነ።

ልጁን ሰፈሩ «አስቸኳይ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የቀለም ጋራዡ ባለቤት ነው። ልጁ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን ደርቦበት፣ የሰው መኪና እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ተኮማትሮ ቁጭ ሲል፣ ሰውየው «አንተ አስቸኳይ፣ በል ወደ ቤትህ» ብሎ አባረረው። አስቸኳይ ግን ሙጭጭ አለ። ደጅ ጠና፣ ለመነ፣ አለቀሰ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሲታክተው፣

«የአባትህን መኪና እቤትህ ቅባ። እሁድ መጥቼ አያለሁ። መጠበቅ ከቻልክ ሥራህ ላይ ትመለሳለህ። ካልቻልክ ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጥ» አለው።

ነገሩ ይኸው ነው። ሲቸኩል የኖረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠብቅ ቢል፣ መጠበቅ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ቤት መወለዱ ያኔ ገባው።

ቀለም ደግሞ ውሸታም ነው። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ገና ነው፤ ልክ እንደ አንዳንድ ዘመድ፣ ፊቱ ስቆ ሆዱ እንደማይስቀው። በስሱ ቀብተህ ትጠብቃለህ። የማቅጠኛው ቲነር ሽታ ሲጠፋ ደግሞ በስሱ ቀብተህ ትጠብቃለህ። አስቸኳይ ይሄን ሁሉ ለቤቱ አስረዳ። እንዲያውም አንድ የቆርቆሮ ክዳን ከመኪናዋ እኩል እየቀባ አጥሩ ላይ ሰቀለ፣ መድረቁን ማወቅ የፈለገ እሱን እንዲነካ። ማንም አልነካውም። ክዳን መንካት ማንን ያምረዋል?

መጀመሪያ ጉድ የሠሩት እናትየው ናቸው። ሰማዩ ሲጠቁር ጊዜ አንጀታቸው አልቻለም፣ ብርድ ልብስ አምጥተው መኪናዋን ደህና አድርገው ሸፈኗት። ሲነጋ ብርድ ልብሱ ተላጠ፣ ጣራው ግን ፀጉር አበቀለ።

«እማዬ፣ መኪና ብርድ ይመታዋል?»

«አንተንም እንዲሁ ስሸፍን ነው ያሳደግኩህ።»

«እኔ ላይ ብርድ ልብሱ አልተጣበቀማ።»

«አንተ ላይ ምን ይጣበቃል። ሥራ እንኳን አልተጣበቀብህ።»

አስቸኳይ ዋጥ አደረጋት። ቀለም መፈግፈጊያውን ብርጭቆ ወረቀት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረና እጃቸው ላይ አኖረላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ሕግ ይሄ ነው። የነካ ይፈግፍግ።» እናትየው በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ያን ሁሉ ፀጉር ክርናቸው እስኪዝል ፈገፈጉ። እየፈገፈጉ ሲነዘንዙት ግን፣ ከመኪናዋ ጣራ ይልቅ የተፈገፈገው የልጃቸው ጆሮ ነበር።

ቀጥላ እህትየው መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት። «እኔ ላግዝህ» አለችና የፀጉር ማድረቂያዋን በረጅም ገመድ አውጥታ የጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ ላይ ለቀቀችው። ቀለሙ እንደ ፈንጣጣ ሽፍ አለ።

«ደንበኞችሽም ከቤትሽ እንዲህ ሆነው ነው የሚወጡት?»

«ደንበኞቼ ቢያንስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።»

«መኪናዋስ መች ተነሳች?»

ፈገፈገች። ጥፍሯ ሲሰበር ቁራጩን ወንድሟ ኪስ ከተተችለት።

አሁን ደግሞ አባት በፍቅር ዳሰሱ። ወረቀቱን ተቀብለው የገዛ ጣቶቻቸውን ምልክት እየፈገፈጉ ያጉረመርማሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አላችሁኝ። እንቁላሉ ሄዶ ደርሶ አግብቶ ወልዷል። እኔ መኪና እያለኝ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«አባዬ፣ ስታወራ ትራቅህ ቀለሙ ላይ ይፈናጠራል።»

«ምራቅ ነው የሚባለው፣ መሀይም።»

በሩ ከመጀመሪያው ንብር ጀምሮ እንደገና ተቀባ። ተጠበቀ። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ቀለም የተረጨው እሁድ ማለዳ ነው። አስቸኳይ በመኪናዋ ዙሪያ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጠረና እንደ ውሻ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ዝንብ ስታልፍ እንኳን በዓይኑ ይሸኛታል። እናትየው ደግሞ ሁሉንም ሰብስበው አስጠነቀቁ።

«ሰውየው ትልቅ ሰው ነው። ማንም እንዳያሳፍረኝ። አፋችሁን ሰብስቡ፣ የልጄ እንጀራ ነው።»

የጋራዡ ባለቤት በተተኮሰ ኮት መጣ። ገመዱን ተራመደው። ጎንበስ ብሎ በሩን በአግድም አየ፣ ጣራውን አየ፣ ፓራፋንጎው ላይ ፊቱን አይቶ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«ጠብቀህ?»

«ጠብቄም፣ አስጠብቄም።»

«እኔ እንጃ፣ ይገርማል። በል እንግዲህ ሰኞ...» ይሄን እያለ አውራ ጣቱ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ ራሷ ሄዳ ከሞተሩ በላይ ኮፈኑ ላይ አረፈች። ሲያነሳት ምልክቷ እዚያው ቀረ፣ መሀል ላይ፣ እንደ ማኅተም።

ሰውየው ጣቱን አየ። ኮፈኑን አየ። ጣቱን በመሀረብ ጠረገ።

«ምንም አይደል። በላዩ ላይ ትንሽ ጣል አድርግበትና ሰኞ ግባ። ማን ያየዋል።»

አስቸኳይ እሺ ማለት ብቻ ነበረበት። አንድ ቃል። ምላሱ ላይ ደርሳለች። አጥሩ ላይ የተሰቀለችው ክዳን ታየችው፣ ያቺ ማንም ያልነካት።

«በላዩማ አይቀባም» አለ። «ከደረቀ በኋላም ይታያል።»

«አንተ ነህ የምታስተምረኝ? ሥራውን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

አባት ጉልበታቸውን ያዙ፣ ማንም ሳያያቸው። እህትየው ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው። እናትየው ከበርጩማቸው ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጅ ነሱ፣ ባልዲውን አምጥተው ሰውየው እግር ሥር አስቀመጡ። ብርጭቆ ወረቀቱን ከውስጡ አውጥተው ጨመቁት።

«ጌታዬ፣ ልጄን ሰኞ ይቅጠሩት አይቅጠሩት የራስዎ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ኮትዎን ያውልቁና ይፈግፍጉ።»