የስመኝ ግድግዳ

በእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር የስመኝ የደም ሥሮች ከክንዷ ወጥተው ወደ ቤቱ ግድግዳ ገቡ። ማክሰኞ ዕለት ከበሩ አጠገብ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየ። እስከ ዓርብ ድረስ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ፣ ጣሪያው ጋ ደርሶ ነበር።

አማቷ አንጓች በመዳፏ ዳሰሰችው። ይሞቃል፤ ይመታል። አልተደነቀችም፤ የጭቃ ግድግዳ ብዙ ጠባይ እንዳለው ታውቃለች። ያናደዳት ባለፈው ፋሲካ በገዛ እጇ የመረገችው መሆኑ ነው።

የስመኝ እጅ ግን አንድም ሥር ሳይታይበት አብጦ ለስልሷል። እግሯ ጫማ አልገባ ብሏል፤ ፊቷም ሞልቷል። ጎረቤቶች «ተመችቷታል» ይላሉ። አንጓች ይህን ለራሷ ምስጋና አድርጋ ትቀበለው ነበር፤ ክፉ አማት ቤት ማን ይወፍራል? ስመኝ ራሴን አመመኝ ስትል «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት።

ዓርብ ረፋድ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ውብዓለም መጣች። የግፊት መለኪያውን በስመኝ ክንድ ላይ ጠቀለለች። የመለኪያው መርፌ አልነቃነቅ አለ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«እትዬ አንጓች፣ ይፍቀዱልኝ» አለችና መለኪያውን ምሰሶው ላይ ጠቅልላ ነፋችው። «መቶ ሰባ በመቶ አሥር።» ካርዱ ላይ ጻፈችው።

«የምሰሶው ነው?»

«የስመኝ ነው። ሴት ስትፀንስ የደም ሥሯ ላልቶ ለተጨማሪው ደም ቦታ ይሰጣል። የሷ ግን ጠበበ፣ ደረቀ፤ ደሙ ማረፊያ አጣ። አሁኑኑ ሆስፒታል ካልሄደች እሷንም ልጁንም እናጣለን።»

«አሁን? እሑድ እኮ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። ሰኞ ትሂድ።»

«ሰኞን አታገኘውም» አለች ውብዓለም። ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ አምቡላንስ ልትጠራ ወጣች።

አንጓች ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን እፍረቷ ባሰ። ማኅበርተኛው ይህን ግድግዳ ቢያይ ምን ይላል? ጭቃና ጭድ አቦካችና ከበሩ ጀምራ መመረግ ያዘች። ጭቃ የነካው ሥር ሁሉ ወዲያው መምታቱን ያቆማል። ምርጊቱ አማረላት፤ ግድግዳውም ጸጥ አለ።

«እማ» አለች ስመኝ መደቡ ላይ እንደተጋደመች፣ «በሩን ለምን ዘጉብኝ? ጨለመኝ እኮ።»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ ስመኝ ፊት ላይ አርፏል።

«ምነው እጄን በቆረጠው!» አለች አንጓች። እርጥቡን ጭቃ በጥፍሯ ትቧጥጠው ጀመር። ሥሮቹ አንድ በአንድ እየተገለጡ እንደገና መቱ፤ አመታታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

ውብዓለም አራት ጎልማሶች አስከትላ ተመለሰች። አምቡላንሱ ከመንገዱ ዳር ስለማያልፍ ስመኝን በቃሬዛ አነሷት። ሥሮቹ ግድግዳውን ሳይለቁ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥረው ተከተሏት። ሰዎቹ እንዳይረግጧቸው እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ሄዱ።

«እጅዎን ከግድግዳው ላይ እንዳያነሱ» አለች ውብዓለም። «ምቱን ይቁጠሩ።»

አንጓች ቆጠረች። መቶ ሲሞላ ከአንድ ትጀምራለች። ከሰዓት በኋላ በመቶና በመቶ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ መጣ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ምሰሶው ላይ ያለው ወፍራሙ ሥር ቆመ። ወደ ደጅ የተወጠሩት ሥሮችም ረግበው መሬት ላይ ተኙ።

ከመደቡ ራስጌ መዳፍ የምታህል ጭቃ ሳትቧጠጥ ቀርታ ነበር። ደርቃለች። ከውስጧ አንድ ነገር መምታት ጀመረ፤ ትንሽ ነው፣ እንደ ጫጩት ልብ ይፈጥናል፤ የልጁ መሆን አለበት። አንጓች ትቧጥጣት ወይስ ትተዋት፣ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ጭቃ የሞላባቸውን ጥፍሮቿን አነሳች፤ ሳታሳርፍም አየር ላይ ያዘቻቸው። ጭቃዋ ከመሃል መሰንጠቅ ጀመረች።